የቴሌስኮፕ መስታወት የሚሞረደው በርሜል ላይ ነው

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ዋና አካሉ አንድ ጎድጓዳ መስታወት ነው። ይህን መስታወት ቤት ውስጥ በእጅ መሥራት ይቻላል። ሁለት ወፋፍራም ክብ መስታወቶች ይደራረባሉ፤ መሃላቸው ውሃና ካርቦረንደም የሚባል ሻካራ ዱቄት ይገባል፤ ከዚያ የላይኛውን ወደፊት ወደኋላ መግፋት ነው። የታችኛው የሚቀመጠው በርሜል ላይ በታሰረ ጣውላ ነው፤ ስለዚህ ማቆሚያና ስለ ሥራው ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

«ያለ ማሽን አይሆንም።»

ሆኗል እኮ! ዊልያም ሄርሼል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1781 ዩራነስን ያገኘው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ነው። የሱ መስታወት ከብረት ቅይጥ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ያው የክንድ ነው። መስታወቱን ሲያለሰልስ እጁን እንዳያነሳ እህቱ ካሮላይን ታጎርሰው ነበር። ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ማቆሚያው እንደ ቶርኖ ማሽን ልኩን የጠበቀ መሆን አለበት።»

ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ ያለቀለት መስታወት ሊኖረው የሚችለው ስህተት ከፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ልክ ከጣውላና ከበርሜል እንዴት ይወጣል?

የሚወጣው ከማቆሚያው ሳይሆን ከፍትጊያው ነው። ሁለት ገጾች በሁሉም አቅጣጫ እየተንሸራተቱ ሳይላቀቁ ሊገጥሙ የሚችሉት የኳስ ቁራጭ ቅርፅ ሲይዙ ነው። ስለዚህ ሠሪው ጥቂት ጊዜ ይገፋል፣ በርሜሉን አንድ እርምጃ ይዞራል፣ የላይኛው መስታወትም ትንሽ ይሽከረከራል፣ እንደገና ይገፋል። አንድ ቦታ ላይ የጠነከረው እጅ ሌላ ቦታ ይካካሳል።

ከማቆሚያው የሚፈለገው ክብደት ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውሃ ከሞሉት ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱም ለቆመ ሰው ክንድ ይመቻል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በገፋሁ ቁጥር ጠረጴዛው አብሮኝ ይሄዳል። ማታ ላይ ግድግዳው ጋ ደርሰናል።

«መስታወቱን ጥርቅም አድርጎ ማሰር ነው።»

እውነተኛ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄኛው ነው። መስታወት ግትር ይመስላል እንጂ ሲጨምቁት በጣም በትንሹ ይጣመማል። እንደተጣመመ ሞርደው ሲፈቱት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የሞረዱት ቅርፅ ግን ይበላሻል። ቴሌስኮፕ የሚሆነው መስታወት እንዲህ ከታሰረ ኮከብ ሲያዩ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የተለጠጠ ይሆናል።

መላው ቀላል ነው። በርሜሉ ላይ በታሰረው ጣውላ ዙሪያ ሦስት የእንጨት ቁራጮች በእኩል ርቀት ይመታሉ። በቁራጮቹና በመስታወቱ ጠርዝ መካከል አንድ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። ከስር የረጠበ ጋዜጣ ደረብ ተደርጎ ይነጠፋል። የታችኛውንም በየጊዜው ትንሽ ማዞር አይዘንጋ። የእንጨቶቹ ጫፍ ከመስታወቱ ገጽ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ የላይኛው እየሄደ ይጋጫል።

«የሚጎደጉደው የታችኛው ነው።»

ወፍጮ አይቶ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በጭቃ የተደላደለው የእናቶቻችን ወፍጮ ይጎደጉዳል፣ መጁ ከላይ ይመላለሳል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱ መስታወቶች እኩል ስፋት ስላላቸው የላይኛው ወጣ ሲል መሃሉ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የላይኛው መሃሉ ይበላል፣ የታችኛው ጠርዙ። ቴሌስኮፕ የሚሆነው የላይኛው ነው። ጉድጓዱም ያን ያህል አይደለም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ብርሃኑን 120 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ መስታወት መሃሉ የሚጎደጉደው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

«ለመዞሪያ ሰፊ ክፍል ያስፈልጋል።»

ቦታ ከጠበበ ግድግዳ ላይ የታሰረ ጠንካራ ጠረጴዛ ይሆናል። እርስዎ በማይዞሩበት ጊዜ የታችኛውን መስታወት ቶሎ ቶሎ ያዙሩት፣ በቃ።

«ጣውላው ቀለም አያስፈልገውም፣ ማን ሊያየው?»

ቀለሙ ለውበት አይደለም። ሥራው በሻካራው ቁጥር 80 ዱቄት ይጀመርና ወደ ደቃቁ ይኬዳል። ያልተቀባ እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ሻካራውን ደብቆ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዱቄት በተቀየረ ቁጥር ጣውላው ይታጠባል፣ ጋዜጣው ይጣላል፣ ባልዲውም ይለቀለቃል። ይህን የሰነፈ ሰው ደቃቁ ላይ ሲደርስ ከስር «ክርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዲት የቁጥር 80 ፍሬ ናት። ጭረቱን ለማጥፋት ወደ ሻካራው ዱቄት ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው።