ፑያ ምንድን ነው? ከዘርስ እንዴት ይበቅላል?

ፑያ የአናናስ ዘመድ ነው። ሁለቱም ብሮሜሊያድ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ይህ ቤተሰብ ከ3,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ጊኒ ውስጥ ካለች አንዲት ዝርያ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። እኛ አገር በዱር የሚበቅል አንድም የለም። ሲዳማ የሚለማው አናናስም ከውጭ የመጣ ነው።

ፑያ ራሱ ብዙ ዓይነት አለው። እዚህ የማወራው ስለ ቺሊው ነው። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1782 ጣሊያን ውስጥ በስደት ይኖር የነበረው ቺሊያዊ ቄስ ሁዋን ኢግናሲዮ ሞሊና ነው። የአገሬው ሰው ቻጓል ይለዋል፤ ለጋ እምብርቱንም በሰላጣ ይበላዋል። በማዕከላዊ ቺሊ፣ ቫልፓራይሶ አካባቢ ባሉ የፓስፊክ ዳርቻ ገደሎችና ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ይበቅላል።

ከሩቅ ሲያዩት ሬት ወይም ቃጫ ይመስላል። በዝምድና ግን አይገናኙም። የቅጠሉ ጠርዝ በእሾህ የተሞላ ነው፤ እሾሁም እንደ መንጠቆ የታጠፈ ስለሆነ የያዘውን ልብስ በዋዛ አይለቅም። «በግ በሊታ» የሚል ስም ያተረፈው በዚህ ነው። በግ ተይዞ ይሞታል፣ ሬሳው ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል ይባላል። በግ ቢያዝ አይገርመኝም። ተክሉ ሆን ብሎ ያጠምዳል የሚለው ግን የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ለጋዜጣ ርዕስ ስለሚመች ነው የሚደጋገመው።

ለእኔ ከበጉ ወሬ ይልቅ የሚገርመው አበባው ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ቢጫ አበባ ይሸፈናል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ከአበባዎቹ መሃል ባዶ ጫፎች ወደ ውጭ ቀስረው ይታያሉ። ምንም አላበበባቸውም። ለወፍ ማረፊያ ናቸው! ቶርዶ የሚባለው ጥቁር ወፍ እዚያ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን አበባው ውስጥ ይከታል። ፈሳሹን ጠጥቶ ቀና ሲል የአበባ ብናኝ ተቀብቶ ነው፤ ያንን ይዞ ወደሚቀጥለው ይበራል።

ወደ ዘሩ እንምጣ። ዘሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን ስስ ክንፍ ያለው። ነፋስ እንዲወስደው የተሠራ ስለሆነ ትንፋሽም ያበነዋል። ሲዘሩ መስኮት ይዘጋ።

አንድ ነገር ብቻ ከያዙ ይህን ይያዙ፦ ዘሩ አይቀበርም። ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ጤፍ ሲዘራ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ አፈሩ ላይ በተን አድርጎ በጣት ቀስ ብሎ መጫን ነው። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ግማሽ ኮምፖስት፣ ግማሽ ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም ሻካራ አሸዋ ጥሩ ነው። ውሃ ከላይ አይፈስበትም፤ ዘሩን ጠራርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል። ሥሩ የተበሳውን ዕቃ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ አፈሩ ራሱ ከታች ይስባል። ከላይ በሚያሳይ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ይቀመጥ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ካገኘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ብቅ የሚለው ነገር ሣር ይመስላል። አረም ነው ብሎ የሚነቅለው ሰው አይጠፋም። አደገኛው ጊዜ ይሄ ነው። ላስቲኩ እንደተሸፈነ ከቆየ ሻጋታ ይገባና ቡቃያው ከሥሩ ቀልጦ ይወድቃል። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጡ ከአየር ጋር ማላመድ ነው። ለማዛወር አይቸኩሉ፤ ጥቂት ቅጠል አውጥቶ በጣት የሚያዝ እስኪሆን ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ተክሉ ጠንካራ ነው፤ የሚፈታተነው የሰውን ትዕግሥት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዊዝሊ የአትክልት ሥፍራ የነበረው አንድ ፑያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከተተከለ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለመሞከር ላሰበ ሰው አንድ የሚያበረታታ ነገር አለ። ቫልፓራይሶም ዝናብ የሚጥለው በዋናነት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። መጠኑ ግን ከአዲስ አበባው ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ከጣራ ሥር ያሳልፍ፤ ወይም ጠጠር የበዛበት ተዳፋት ላይ ይተከል። ዘሩን ከውጭ ለማስመጣት የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬትና የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው መትከያ ቦታ ከመተላለፊያና ከልጆች መጫወቻ የራቀ ይሁን። ያበበው ራስ አብቦ ሲጨርስ ይሞታል፤ ከጎኑ የወጡት ግን ይቀጥላሉ። የደረቀውን መቁረጥ የፈለገ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያድርግ።