ዢት ምንድን ነው? ከወዳጆች ጋር በፈረንሳይ ገጠር ለአንድ ሳምንት የሚያርፉበት ቤት

ዢት በፈረንሳይ ገጠር ወይም በትንሽ ከተማ የሚገኝ፣ ወጥ ቤቱና የቤት ዕቃው የተሟላ፣ እንግዳ ለብቻው ተከራይቶ እንደ ራሱ ቤት የሚኖርበት፣ ብዙውን ጊዜም በሳምንት የሚከራይ የዕረፍት ቤት ነው። ቁርስ የሚያቀርብ ወይም አልጋ የሚያነጥፍ ሠራተኛ የለውም። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ በመግቢያው ቀን ቤቱን አሳይቶ ቁልፉን ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ምግቡም፣ ጽዳቱም፣ የቀኑ ውሎም የተከራዩ ጉዳይ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ያለ ጥድፊያ አንድ ሳምንት ማሳለፍ ለሚፈልጉ ወዳጆች ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ያለ አይመስለኝም፤ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ እያሰሩ ከከተማ ከተማ መዞር አገር ያሳይ እንደሆነ እንጂ አያሳርፍም።

ቤት ሲፈለግ ዢት ከሌሎች ሁለት ማረፊያዎች ጋር ይምታታል። ሻምብር ዶት የሚባለው ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ የሚከራይ ክፍል ሲሆን ቁርስና አንሶላ በዋጋው ውስጥ ይካተታሉ፤ ሕጉም ከአምስት ክፍልና ከአሥራ አምስት እንግዳ በላይ አይፈቅድለትም። ዢት ዴታፕ ደግሞ በእግር ረጅም መንገድ ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጀ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜም መኝታው የጋራ ነው። ለወዳጆች ሳምንት የሚሆነው ሙሉ ቤቱ የሚከራየው ዢት ብቻ ነው።

ይህ ዓይነቱ ኪራይ ዛሬ ባለው መልኩ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለፈረንሳይ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት የዓመት ዕረፍት በሕግ ሲፈቀድ የከተማው ሕዝብ የማረፊያ ጊዜ አገኘ፤ ለብዙው ቤተሰብ ግን ሆቴል የማይቀመስ ነበር። በሌላ በኩል የገጠሩ ሕዝብ ወደ ከተማ እየፈለሰ የድንጋይ ቤቶቹ ባዶ ይቀሩ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የባስ አልፕ አውራጃ ሴናተር የነበሩት ኤሚል ኦቤር ሁለቱን ችግሮች አንድ ላይ አይተው፣ የገጠር ነዋሪ ቤቱን ለማደስ ድጋፍ እንዲያገኝና የታደሰውን ቤት ለዕረፍት ለሚመጡ የከተማ ቤተሰቦች እንዲያከራይ አሳሰቡ። የመጀመሪያው ዢት እ.ኤ.አ. በ1951 በዚያው አውራጃ ተከፈተ፤ ዢት ደ ፍራንስ የተባለው ብሔራዊ ፌዴሬሽንም በ1955 ተመሠረተ። ፌዴሬሽኑ ቤቶችን ከአንድ እስከ አምስት በሚደርስ የስንዴ ዛላ ምልክት ደረጃ ይሰጣል። ይህ ምልክት በዋናነት የሚለካው ምቾትንና የዕቃ መሟላትን ስለሆነ፣ ባለሁለት ዛላው ቤት ዳቦ ቤት ካለበት መንደር በእግር የሚደረስ ከሆነና ባለአራት ዛላው ከመንደር ርቆ በዋና መንገድ ዳር የቆመ ከሆነ፣ ባለሁለቱን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

የዢትን ሳምንት ቅርጽ የሚሰጠው ቅዳሜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አብዛኞቹ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይከራያሉ፤ መግቢያው በፈረንሳይ ሰዓት ከ16፡00 አካባቢ ጀምሮ፣ መውጫው ደግሞ ጠዋት እስከ 10፡00 ድረስ መሆኑ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት በእነዚያ ቅዳሜዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወስዱ አውራ ጎዳናዎች በመኪና ይጨናነቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ቢዞን ፉቴ የሚባለው የመንግሥት የትራፊክ መረጃ አገልግሎት ቀኖቹን አስቀድሞ በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማ፣ በቀይና በጥቁር እየለየ ያሳውቃል፤ ጥቁር በተቀባ ቅዳሜ ረጅም መንገድ መንዳት ደግሞ የዕረፍቱን የመጀመሪያ ቀን ያበላሻል። የትምህርት ቤት ልጆች የሌሏቸው ወዳጆች ሰኔን ወይም የመስከረምን መጀመሪያ ቢመርጡ ይሻላል። ያን ጊዜ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ገበያው ሳይጨናነቅ ሙሉ ነው፣ በሌላ ቀን ለመግባት የሚፈቅድ ባለቤትም በቀላሉ ይገኛል።

ለመጀመሪያ ሳምንት የምመክረው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የዶርዶኝ አውራጃን፣ በተለይም በሳርላ ከተማ ዙሪያ ያለውን ፔሪጎር ኑዋርን ነው። ወንዙ፣ ግንቦቹ፣ ዋሻዎቹና የገበያ ከተሞቹ ተቀራርበው ስላሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ብዙ ማየት ይቻላል። ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ያለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቦርዶ በቤርዥራክ በኩል ሳርላ የሚደርስ የክልል ባቡርም አለ። ይሁን እንጂ ዢቶቹ የተበተኑት በገጠር ስለሆነና አውቶቡስ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ለስምንት ሰው ሁለት መኪና መከራየት የግድ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱ ሲመረጥ የሰው ቁጥር ብቻ አይታይም። ማስታወቂያው ስምንት ሰው ይይዛል ሲል ሁለቱ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ የሚተኙ ሊሆኑ ይችላሉና በር ያለው መኝታ ቤት ስንት፣ መታጠቢያ ቤትም ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወዳጅነትን የሚፈትነው ብዙ ጊዜ ይኸው የክፍል ድልድል ስለሆነ፣ ማን የት እንደሚተኛና ሰፊውን ክፍል የወሰደ ተጨማሪ ይከፍል እንደሆነ ቁልፉ እጅ ከመግባቱ በፊት መነጋገር ይገባል። አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ ላይካተቱ ይችላሉ፤ የመጨረሻው ቀን ጽዳትም እንዲሁ። ልጆች የሚመጡ ከሆነ የመዋኛ ገንዳው ጉዳይ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ መሬት ውስጥ የተሠሩ የግል ገንዳዎች አጥር፣ ማንቂያ ደወል፣ መሸፈኛ ወይም ከለላ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ የትኛው እንዳለ ባለቤቱን መጠየቅ መብት ነው፣ ይህ መኖሩም ልጆቹን ከመጠበቅ ማንንም ነፃ አያወጣም።

ቤት ከተመረጠ በኋላ ውል ይፈረማል፤ ቅድሚያ ክፍያም ይከፈላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በፈረንሳይ ሕግ ቅድሚያ ክፍያ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው ከእኛው ቀብድ ጋር አንድ ነው፦ ተከራዩ ሐሳቡን ከለወጠ የሰጠው ይቀርበታል፣ ባለቤቱ ከለወጠ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ደንብ ወዲያው ይለየዋል። ሁለተኛው አኮንት የሚባለው ነው፤ እርሱ የጠቅላላው ክፍያ የመጀመሪያ ክፍል ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ውሉን ያፈረሰ ተከራይ ቀሪውንም ሊጠየቅ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በውሉ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ከዚህ በተጨማሪ ለጉዳት መያዣ የሚሆን ገንዘብና በሰውና በሌሊት የሚታሰብ አነስተኛ የቱሪስት ግብር አለ፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ከግብሩ ነፃ ናቸው።

ይህ የቀብድና የአኮንት ልዩነት በተለይ የሚመለከተው ከወዳጆቹ መካከል ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሲኖር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚሰጠውን የምርመራ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል ቀደም ማለት ይጠቅማል፤ የኪራዩ ውልም የሁሉንም ተጓዦች ስም የያዘ ከሆነ ለማረፊያ ማስረጃነት ያገለግላል። ቪዛ ሊከለከል ስለሚችል ግን፣ ከተከለከለ ክፍያው ይመለስ እንደሆነ ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ከብዙ ቅያሜ ያድናል። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወዳጅ ለዚህ ጉዞ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም።

የዢት ትልቁ ሀብት ወጥ ቤቱ ነው። የፔሪጎር ምግብ ቤቶች የሚታወቁት በዳክዬና በዝይ ሥጋ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ይውላል። በእነዚህ ቀኖች ፈረንሳይ ውስጥ የሚያርፉ ጿሚዎች ሆቴል ቢገቡ ከሰላጣና ከዳቦ የዘለለ አማራጭ ለማግኘት ይቸገሩ ነበር። ዢት ውስጥ ግን ከገበያ የመጣው ቲማቲም፣ ፎሶሊያና ምስር በቤት ይሠራል፤ አካባቢው ኖዋ (ዋልነት) በሚባለው ፍሬና በዘይቱም የታወቀ ስለሆነ ሰላጣው እንኳ ሌላ ጣዕም አለው። ከቤት የሚመጣው በርበሬና ሽሮ ቦታ አይፈጅም። ቡናን በሚመለከት አንድ ነገር ልበል፦ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በፈረንሳይ እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት የጭስ ማንቂያ እንዲኖረው ግዴታ ስለሆነ፣ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጤስ ውጭ በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። በድርቅ ወራት ግን ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ በአስተዳደሩ ሊከለከል ስለሚችል በከሰል ፋንታ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መውጣት ይሻላል፤ ባለቤቱን መጠየቅም ጨዋነት ነው።

ለምግብና ለነዳጅ የሚሆነውን ገንዘብ እንደ ዕቁብ ዳኛ አንድ የታመነ ሰው ቢይዘው፣ እያንዳንዱም በመጀመሪያው ምሽት እኩል ቢያዋጣ፣ በየሱቁ በር ላይ ሒሳብ መተሳሰብ ይቀራል። ምግብ ማብሰሉም በጥንድ ቢደለደል፣ ምግብ በመሥራት የታወቀችው አንዲት እህታችን ሳምንቱን ሙሉ ከምድጃ አትነሳም የሚለው የተለመደ በደል አይደገምም። ይህን አጥብቄ የምለው ሁሉም ካላረፈ ዕረፍት ስለማይባል ነው።

የሳምንቱ ውሎ በገበያ ቀኖች ላይ ቢመሠረት ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ቅዳሜ የገቡ ሰዎች የሳርላ ትልቁ የቅዳሜ ገበያ ያመልጣቸዋል፤ ሆኖም እሑድ ጠዋት በሳን ሲፕሪያን ጥሩ ገበያ አለ፣ ሳርላም ረቡዕ እንደገና ይገበያል። የምግብ ገበያ የጠዋት ነገር ስለሆነ በፈረንሳይ ሰዓት ከ12፡30 በኋላ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ዕቃቸውን የሚያሰባስቡ ነጋዴዎችን ነው። ሰኞ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉና ከቤት ላለመውጣት የሚስማማ ቀን ነው። በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን ለላስኮ ዋሻ ሥዕሎች ይሰጣል፦ በ1940 እ.ኤ.አ. የተገኘው ዋሻ የጎብኚዎች ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስለጎዳቸው በ1963 ተዘግቷል፤ ዛሬ የሚጎበኘው በሞንቲኛክ በ2016 መጨረሻ የተከፈተው ሙሉ ቅጂ ሲሆን በበጋ ቲኬቱን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሌላ ቀን ደግሞ በታንኳ ከሴናክ አካባቢ ተነስቶ በላ ሮክ ጋዣክና በካስቴልኖ ግንብ ሥር አልፎ ቤናክ መውረድ ይቻላል፤ ወንዙ ራሱ ስለሚወስድ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ አከራዮቹም በመኪና ይመልሳሉ። ከእነዚህ ሁለት ጉዞዎች በላይ ባይታቀድ ይመረጣል፤ በመካከላቸው የሚቀሩት ቀኖች ለእንቅልፍ፣ ለጨዋታና ለረጅም ምሳ ናቸው። ምሳ ውጭ ከተበላ ግን የምግብ ቤቶቹ ወጥ ቤት በ14፡00 ገደማ እንደሚዘጋ ማስታወስ ይጠቅማል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተረፈው ምግብ ይበላል፣ ጠርሙሱና ቆሻሻው ተለይቶ በመንገድ ዳር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወሰዳል። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ ቤቱን ከተከራዩ ጋር ዞሮ ያያል። የተሰበረ ብርጭቆ ቢኖር ሳይጠየቁ መናገር ይገባል፤ በመግቢያው ቀን የነበሩትን ጭረቶችና ጉድለቶች ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ የላከ ተከራይ ደግሞ መያዣው ሲታሰብ ክርክር አይገጥመውም።