የጓሮ አትክልት በጅማ

የጓሮ አትክልት በመኖሪያ ግቢ ውስጥ በዋናነት ለቤተሰብ ፍጆታ የሚለማ አትክልት ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ሰፋ ባለ ግቢ ውስጥ ጥቂት የቡና እግር፣ እንሰት፣ አቮካዶ፣ በአጥሩ ሥር ደግሞ ጎደሬ ማየት የተለመደ ነው፤ በኦሮምኛ ራፉ የሚባለው ጎመንም ከማድ ቤቱ ጀርባ አይጠፋም። ጀማሪን የሚያስቸግሩት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ናቸው። እነዚህ ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ የተኛ ውሃ ደግሞ ይገድላቸዋል፤ የጅማ ጓሮ በአንጻሩ ጥላም ውሃም ይበዛበታል።

የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በመጋቢት ገደማ ይጀማምራል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይቀንሳል። ስለዚህ ለደረቅ አካባቢ የተሰጠ ምክር እዚህ ለግማሹ ዓመት አይሠራም። ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ የጀማሪው ሥራ ውሃ ማምጣት ሳይሆን ውሃ ማስወጣት ነው።

ቦታ ሲመረጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚያርፍ ማየት ይበቃል። በሦስቱም ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለሽንኩርት ይሆናል። ግማሽ ቀን ብቻ ፀሐይ የሚያገኘው ለቆስጣና ለሰላጣ ይበቃል። ከአቮካዶ ሥር ግን አትክልት አይለማም፤ ጥላው ብቻ ሳይሆን ሥሩም ምግቡን ይሻማል። እዚያ ጎደሬው ይቆይ።

የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅና ለመቆፈር የማያስቸግር ቢሆንም አሲዳማነት ያጠቃዋል። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ተክሉ አያገኘውም፤ ችግኙ ቀጭጮ ሲቀርና የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው። በቤት ደረጃ ቀላሉ መፍትሔ የማገዶ አመድ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በትነው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይትከሉ። የከሰል አመድም ይሆናል፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት ግን አይሆንም። አመድና ዩሪያ አብረው አይበተኑም፤ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝነት ተለውጦ በአየር ይጠፋል። ድንች የሚተከልበት መደብ ላይም አመድ አለመጨመር ይሻላል፤ የድንቹ ቆዳ ይሻክራል።

ለኮምፖስት ጅማ የታደለች ናት፤ የቡና ገለባ እንደ ልብ ይገኛል። ስህተቱ ጥሬውን ከአፈር ጋር መቀላቀል ነው። ያልበሰበሰ ገለባ ለመበስበስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚወስድ ጎመኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ሦስት እጅ ገለባ ከአንድ እጅ እርጥብ እበትና ከአንድ እጅ አረንጓዴ ቅጠል ጋር ተደራርቦ ይከመራል። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጣል፣ ዝናብ እንዳያጥበው በኮባ ቅጠል ወይም በላስቲክ ይሸፈናል። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላው ጥቁር ሆኖ የደን አፈር ሽታ ይሸታል። በእጅ ሲጨበጥ ተሰብስቦ ቢቆይና በጣት ሲነኩት ቢፈራርስ ደርሷል፤ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው ገና ነው። ለ1 ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል።

መደቡ ከ1 ሜትር ከ20 አይሰፋም፤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። ለክረምት ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ዙሪያውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወርድ ቦይ ይወጣለታል። ለበጋ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት መጀመሪያ በችግኝ መደብ ይፈላሉ። ዘሩ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተሰመረ መስመር፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ተዘርቶ በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈናል። ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩ በዚያው ዕለት ይነሳል፤ ሁለት ቀን ከቆየ ችግኙ ነጭና ቀጭን ሆኖ ይወድቃል። ጎመንና ቲማቲም ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው ወደ ማታ ይዛመታሉ፤ ማለትም ተነቅለው ወደ ዋናው መደብ ይዛወራሉ። ጎመን በ40፣ ቆስጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ካሮት ግን ቦታው ላይ ይዘራል እንጂ አይዛመትም፤ ሥሩ ተነቅሎ ሲተከል ይጣመማል። ቁመቱ ጣት ሲያህል በመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲኖር ይሳሳል። ለማሳሳት የሚሳሳ ሰው ካሮት አይበላም።

ቲማቲም ለብቻው መታየት አለበት፤ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በእሱ ነው። ሰኔ ላይ የተተከለ ቲማቲም አምሮ ያድግና ሐምሌ ላይ ሰዎች “ምች መታው” የሚሉት ይደርሳል። በቅጠሉ ጠርዝ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ ይወጣል፤ በጠዋት ቅጠሉ ሲገለበጥ በነጥቡ ዙሪያ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ግንዱ ይጠቁራል፤ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ይበላሻል። በአንድ ሳምንት ውስጥ መደቡን ይጨርሳል። መንስኤው በቅዝቃዜና በእርጥበት የሚራባ፣ ድንችንም የሚያጠቃ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን አይተከሉም። ዋናው መከላከያ ወቅት ነው፤ ዘሩ በመስከረም ይፈላል፣ ችግኙ በጥቅምት ይዛመታል፣ ፍሬው ከጥር ጀምሮ ይለቀማል። በእንጨት ይደገፋል፣ የታችኛው ቅጠል ይነሳል፣ ውሃው በሥሩ ይፈስሳል። የታመመው ተነቅሎ ይቃጠላል፤ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም።

የጎመን ትልቁ ጠላት ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ይቀንሰዋል። ችግኝ ጠዋት ከመሬት ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን በጣት ሲጭሩት ተጠቅልሎ ይገኛል። ለዶሮ ግን ከአጥር ሌላ መድኃኒት የለም።

በበጋ ለ4 ካሬ ሜትር መደብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በቀን ይበቃል፤ ጉዝጓዝ ካለው በሁለት ቀን አንዴ። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ስለሚቀበል ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ አይሆንም። ቦታ የሌለው ሰው ኮምፖስትና አፈር እኩል ቀላቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ ከታች በስቶ ቆስጣ መትከል ይችላል።

ጎመን ሲቀነጠስ ከታች ተጀምሮ ከላይ አምስት ወይም ስድስት ቅጠል ይተዋል። ከሐበሻ ጎመን መካከል ዘግይቶ የሚያብበው እግር ለዘር ይተው፤ ቶሎ ከሚያብበው ዘር የወሰደ ሰው በየዓመቱ ቅጠሉ እያነሰ ይሄድበታል። ዘሩን የያዘው ቆባ ገርጥቶ ሳይፈነዳ ጠዋት በጤዛ ይቆረጣል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ተወቅቶ ጭስ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ በወረቀት ይቀመጣል።