የስምጥ ሸለቆ ውሃና ጥርስ፦ ስለ ፍሎራይድ የሚወራውና እውነታው

ከሞጆ ተነስቶ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ የወረደ ሰው ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎችን ሳያይ አይቀርም። አንዳንዱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጥርሱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ፍሎሮሲስ ይባላል። የሚመጣው በመጠጥ ውሃ ውስጥ ካለ የበዛ ፍሎራይድ ነው። ጉዳዩን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት አጥንተውታል። ሐኪሞች፣ ኬሚስቶች፣ የጂኦሎጂ ሰዎች፣ መሐንዲሶች፣ በኋላም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ገብተውበታል። እውቀቱ ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ከሚወራው ውስጥ ደጋግሜ የምሰማውን ልዘርዝር።

«ጥርሱን ስለማይፍቅ ነው»

ይሄ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሰውን ያሳፍራል። ፈገግ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ወጣቶች አሉ። ነገሩ ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። ፍሎሮሲስ የሚጀምረው ጥርሱ ገና ከድድ ሥር ሆኖ የላይኛው ጠንካራ ሽፋኑ ሲሠራ ነው። ይህ ጊዜ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ በ25 ዓመቱ ለሥራ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሄደ ሰው ጥርሱ አይለወጥም። እዚያ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ ልጅ ግን ጥርሱን ይዞት ይመጣል። መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያነሳውም።

ሰውን መውቀስ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም ሥራ ሲጀምር የከተማው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። የአካባቢው ሰው የአሳማ ሥጋ መብላቱን፣ መጥፎ ወተት መጠጣቱን እንደ ምክንያት ይቆጥር ነበር። ማኬይ ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ቢጠረጥርም ለ30 ዓመት ያህል ሊያገኘው አልቻለም። በመጨረሻ በ1931 ያገኘው የጥርስ ሐኪም ሳይሆን የአንድ አልሙኒየም ፋብሪካ ኬሚስት ነው። ቸርችል የተባለው ይህ ኬሚስት የኩባንያውን ከተማ ውሃ የመረመረው «አልሙኒየም መርዝ ነው» የሚለውን ወሬ ለማስተባበል ነበር። ውሃው ውስጥ ከጠበቀው በላይ ፍሎራይድ አገኘ። ከዚያ ማኬይን ጨምሮ ሌሎች የየከተማቸውን ውሃ ናሙና ላኩለት፤ ነገሩ ገጠመ።

«ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ንጹህ ነው»

ከጀርም አንጻር ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ወንዝና ኩሬ ከሚጠጣ፣ በደንብ የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ይሻላል። ለዚህም ነው ለዓመታት ጉድጓድ የተቆፈረው። ችግሩ በስምጥ ሸለቆ ጥልቀት ራሱ ጣጣ ይዞ መምጣቱ ነው።

ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። የአለቱና የአመዱ ማዕድን ፍሎራይድ አለው። ውሃ ከሥር ብዙ ጊዜ በቆየና በሞቀ ቁጥር ከአለቱ የሚያወጣው ይጨምራል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ አይከፋም ነበር። ውሃው ውስጥ ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖር ከፍሎራይዱ ጋር ተጣብቆ ጠጣር ሆኖ ይቀር ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ ነው። የሚይዘው ስለሌለ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ሻላና አቢጃታ ሐይቆች ውስጥ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ የሚለካውም በዚሁ ነው፤ በዚያ ላይ መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ስለሆኑ ውሃው እየተነነ ጨዉ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር፣ ሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች በጣም የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። «የወዲያኛው ቀበሌ ደህና ነው፤ የኛም ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ደግሞ ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በዚህ መጠን ጣዕምም የለውም። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥም የሚቆርጥ ውሃ ሆኖ ልጆችን ሊጎዳ ይችላል። ማወቂያው መለካት ብቻ ነው።

«የፋብሪካና የአበባ እርሻ ብክለት ነው»

አይደለም። ፋብሪካም እርሻም በሌላ ጉዳይ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ የሚጠየቁበትም አለ። ይሄኛው ግን ከእነሱ በፊት የነበረ፣ ከአለቱ የሚመጣ ነው። ጥፋቱን ፋብሪካው ላይ ከጫንን ፋብሪካ በሌለበት መንደር ማንም ውሃውን አይለካም።

«አፍልቶ መጠጣት ነው»

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ውሃ አጋርም እንዲሁ። ሁለቱም ለተቅማጥ በሽታ ትልቅ ነገር ናቸው፤ ማንም እንዳይተዋቸው። ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ አይሞትም፣ አይተንም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሊትር ፈልቶ ፈልቶ ግማሽ ሊትር ቢቀር የፍሎራይዱ መጠን በእጥፍ ወፍሯል ማለት ነው። በጨርቅ ማጥለልም፣ በአሸዋ ማጣራትም፣ እንስራ ውስጥ ማሳደርም አይነካውም። ከተማ ውስጥ የሚሸጠው ተራ የሸክላ ማጣሪያም ለዚህ አልተሠራም።

«ቢበዛ ጥርስ ያበላሻል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል?»

ጥርስ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በሊትር ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለው ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንት ላይ ለውጥ ሊመጣ ይችላል። ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን አካል እስከ ማጉደል ይደርሳል። አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቶች ይደርቃሉ፣ አንገትና ወገብ አልታጠፍ ይላሉ። ሲብስ የወፈረው አከርካሪ ኅብለ ሰረሰርን ይጫነዋል፤ እግር ይደክማል፣ ሰው ይሽመደመዳል።

በአገራችን ይህን በማጥናት ስማቸው የሚነሳው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የነርቭ ሐኪም መሆናቸው ስለዚህ አይገርምም። የጥርስ ወይም የውሃ ችግር የሚመስለው ነገር የነርቭ ክፍል በር ድረስ መጥቶ ያንኳኳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከልደታቸው ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ የኖሩና ከተመረመሩት ልጆች ከ80 በመቶ በላዩ የጥርስ ፍሎሮሲስ ነበረባቸው። የአጥንቱ ሕመም ደግሞ በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ ታይቷል፤ ያውም ውሃውን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከጠጡ በኋላ። ሰው ዛሬ ጠጥቶ ነገ ቢታመም ኖሮ ጉድጓዱ በማግሥቱ ይዘጋ ነበር። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚፈጅ ነገር ግን ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከኮሌራ በኋላ ነው የሚነሳው።

«እንዲህ ከሆነ ፍሎራይድ መርዝ ነው፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም ይቅር»

ጉዳዩ የመጠን ነው። በትንሹ ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። የአሜሪካዋ ግራንድ ራፒድስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1945 ፍሎራይድ ሆን ብላ ውሃዋ ላይ የጨመረችው ለዚህ ነበር። አሁን አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልን «ፍሎራይድ ይብቃ» የሚሉ ቪዲዮዎች የሚከራከሩት በሊትር 0.7 ሚሊግራም ስለሚሆን ውሃ ነው። ያ ክርክር የራሱ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው ጋር አይደባለቅ። የጥርስ ሳሙናውን ልጅ እንዳይውጠው፣ ጥቂት ብቻ እንዲያደርግ ማየት ነው። አዋቂ ተጠቅሞ እንትፍ ይበለው፤ በቃ።

«ማጣሪያው ተገኝቷል፤ የቀረው ገንዘብ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማጣሪያ በእርግጥ አለ። አንድም ብቻ አይደለም።

የሕንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ናልጎንዳ የሚባል ዘዴ አለ፤ ስሙን ያገኘው ችግሩ ከጠናበት አውራጃ ነው። አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይቀዳል። ቀላል ይመስላል። ግን ድፍርስ ውሃ ለማጥራት ከሚጨመረው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አልሙኒየም ሰልፌት ይፈልጋል፤ በየቀኑ። ልኬቱ ከተሳሳተ አልሙኒየሙና ሰልፌቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩስ የት ይደፋ?

ሌላው የከሰለ አጥንት ነው። የከብት አጥንት አየር በታፈነበት ምድጃ ይከሰላል፣ ይፈጫል፣ በርሜል ውስጥ ይሞላል፣ ውሃው በላዩ ያልፋል። የአጥንት ማዕድን ፍሎራይድን ይወዳል፤ የሰውን አጥንት የሚጎዳው ጠባይ ራሱ ማጣሪያ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። እኔ በዚህ እደነቃለሁ። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አጥንቱ በደንብ ካልከሰለ ውሃው ይሸታል፤ እሳቱ ከበዛበት ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። «የምን አጥንት ነው?» የሚለው ጥያቄም አለ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው መልስ ይገባዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ደግሞ በአልሙኒየም ኦክሳይድ ላይ የተመሠረተ ማጣሪያ ሠርተው ሞክረዋል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የሚያውቁት ማሽንም ፍሎራይድን ያወጣል፤ መብራትና መለዋወጫ ካለ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ማጣሪያ ይጠግባል። አጥንቱም ሆነ አልሙኒየሙ የቻለውን ያህል ፍሎራይድ ከያዘ በኋላ ሥራውን ያቆማል፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል። አይደፈርስም፣ አይሸትም። የሚለካ ሰው ከሌለ ቤተሰቡ ለወራት «የተጣራ» እያለ ያልተጣራ ይጠጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በርሜል ብቻ ሳይሆን መለኪያ ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በየጊዜው የሚመጣ ሰው ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የተተከለ ማጣሪያ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚቆመው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው።

የሰው ባሕርይም አለ። ኢዋግ የሚባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም በስምጥ ሸለቆ ገጠሮች ከአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ሲሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችን ይዞ የገባው ለዚህ ነበር። ጥያቄያቸው፣ የተጣራ ውሃ በአቅራቢያው እያለ ሰው ለምን ያልተጣራውን ይቀላቅላል የሚል ነበር። ለኬሚስት ይህ ጥያቄ ትዝ አይለውም። ለአንዲት እናት ግን ግልጽ ነው። የተጣራው በጀሪካን ይከፈልበታል፣ ወረፋ አለው፤ ያኛው ቦኖ ደጇ ላይ ነው። ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፣ ሳንቲሙ ግን ዛሬ ይወጣል።

«ከ1.5 በላይ የሆነውን ጉድጓድ ሁሉ መዝጋት ነው»

በወረቀት ላይ ያምራል። ሰው ግን ውሃ ሳይጠጣ አያድርም። ጉድጓዱ ሲዘጋ ወደ ኩሬ ይሄዳል፤ ከኩሬው ተቅማጥ ይመጣል፤ ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው በቀናት ውስጥ ነው። የፖሊሲ ሰው ሥራ ሁለቱን ጉዳት ማመዛዘን ነው፤ ይሄ ደግሞ በላብራቶሪ አይለካም።

ቁጥሩ ራሱም እንደ አጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች የራሳቸውን ደረጃ ሲያወጡ የአየር ሁኔታን፣ ሰው በቀን የሚጠጣውን ውሃና ከምግብ የሚገባውን ፍሎራይድ እንዲያስቡበት ይመክራል። በሙቀት አገር ሰው ብዙ ይጠጣል። ሻይ ቅጠል በተፈጥሮው ፍሎራይድ ይይዛል። ከኖርዌይ በርገን ከተማ የመጡ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ምግብ ሲለኩ፣ ወጡም እንጀራውም የተሠራበትን ውሃ ፍሎራይድ ይዞ እንደሚቀርብ አሳይተዋል። የመጠጡን ብቻ አጣርቶ ሊጡን ባልተጣራ ውሃ ማቡካት ግማሽ መንገድ ነው።

የተሻለው መንገድ፣ በሚቻልበት ቦታ፣ ከደጋ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ማውረድ ነው፤ የሚጠግብ ማጣሪያ የለም፣ በየሳምንቱ መለካት የለም። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ቧንቧውም ብዙ ወረዳ ያቋርጣል፤ የላይኛው አገር ገበሬም «ውሃዬን» ይላል። እስከዚያው ውሃውን በአገልግሎት መለየት ይቻላል። ልብስ ማጠቢያ፣ ገላ መታጠቢያ፣ የግንባታ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ቢኖረው ችግር የለም። ለመጠጥና ለምግብ የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው በቀን ጥቂት ሊትር ነው። ያን ያህል የተጣራ ወይም የዝናብ ውሃ ማግኘት የሚቻል ከሆነ፣ ቅድሚያው ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለትምህርት ቤቱ ጋን ይሁን። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ደግሞ የውሃ ኮሚቴው ፓምፑ ሳይገጠም፣ ሪባን ሳይቆረጥ፣ የፍሎራይዱን ውጤት በቁጥር ይጠይቅ። «ውሃው ተመርምሯል» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የተመረመረው ጀርሙ ብቻ ነው።