ዋይፐር መንቀልና መግጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ዋይፐር ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ጎማውን ነው። ጎማው ያረጃል፣ ይቀየራል፣ በቃ። ጎማውን የተሸከመውን የብረት ክንድ ግን የሚያስታውሰው የለም፤ መነቀል ያለበት ቀን እስኪመጣ ድረስ። ቀኑ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ከፓራብሬዛው ሥር ያለውን ሽፋን ለማንሳት፣ የዋይፐር ሞተሩ ጋ ለመድረስ፣ የዛገውን ክንድ ቀለም ለመቀባት፣ ፓራብሬዛውን ራሱን ለመቀየር፣ ለሁሉም ክንዱ ቀድሞ መውጣት አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከባድ የሚያደርጉት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ ግምቶች ናቸው። በእነሱ የተነሳ መስታወት ይሰነጠቃል፣ ዘንግ ይጣመማል፣ ጤነኛ ሞተር ይጣላል።

አንድ ነገር ቀድመን እንያዝ። የሞተሩ እንቅስቃሴ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከመስታወቱ ሥር ብቅ ወዳለ አጭር የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ዙሪያውን ደቃቅ ጥርሶች አሉት። የክንዱ ቀዳዳ በዚህ ሾጣጣ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዳዶው (ዘንጉ ጫፍ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ብረት) ከላይ ሆኖ ይጫነዋል፤ ዳዶውን ብዙ ጊዜ ትንሽ ክዳን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ክንዱን የያዘው ዳዶው ብቻ አይደለም። ክንዱ ሾጣጣው ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጡና የጥርሶቹ መነካከስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ነገር በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

«ዳዶው ከተፈታ ክንዱ በራሱ ይወጣል»

አዲስ መኪና ላይ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ላይ ግን ዳዶው ተፈትቶ እጃችሁ ላይ ሆኖም ክንዱ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሾጣጣ ነገር በኃይል ከተጫነ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠባዩ ነው። ሁለተኛ፣ ዘንጉ ብረት ነው፣ የክንዱ ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአልሙኒየም ወይም ከዚንክ የተቀለጠ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ለዓመታት ዝናብ ሲወርድባቸው በመሃላቸው ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ይፈጠራል። ያ ዝገት እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል።

መፍትሔው ጊዜ መስጠት ነው። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ሁለት ሦስት ዙር ፈታ አድርጋችሁ እዚያው ተዉት፤ የዘንጉን ጥርስ ይጠብቃል፣ ክንዱም ድንገት ሲለቅ ተወርውሮ አይሄድም። ዝገት ፈቺ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ ጠብ አድርጉና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ክንዱን ከመስታወቱ ላይ ወደ ላይ አንሱት። ሲነሳ ሥሩ ላይ የነበረው የስፕሪንግ ጫና ይቀንሳል። አሁን ሥሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ወዝወዝ አድርጉት። ብዙው ክንድ እዚህ ላይ ይለቃል።

እምቢ ካለ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ሥሩ ላይ ጠምጥሙበት። አልሙኒየምና ዚንክ ሲሞቁ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋሉ፤ ቀዳዳው ትንሽ ይከፈታል ማለት ነው። ሙቁን ውሃ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ማፍሰስ ግን አደጋ ነው፤ የቀዘቀዘ መስታወት ድንገተኛ ሙቀት አይወድም።

«ካቻቢቴ ከሥሩ አስገብቶ መፈንቀል ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ይሠራል። አንድ ጊዜ የሠራለት ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ይደግማል።

ካቻቢቴው የግድ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። ያ ነገር ወይ የፓራብሬዛው ጠርዝ ነው፣ ወይ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ፣ ወይ የኮፈኑ ቀለም። የመስታወት ጠርዝ ከመስታወቱ ሁሉ ደካማው ቦታ ነው። ከመሃሉ ብዙ የሚችለው ፓራብሬዛ ጠርዙ ላይ በትንሽ ምት ይሰነጠቃል። ሌላም አለ። ካቻቢቴ ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚገፋ ክንዱ ዘንጉ ላይ ጋደል ይልና ይብሱን ይነክሳል። ተጨማሪ ኃይል ሲመጣ ዘንጉ ራሱ ይጣመማል።

ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለ፤ ትንሽ ባለ ሁለት እግር ፑለር። እግሮቹ የክንዱን ሥር ከሁለት በኩል ይይዛሉ፣ መሃሉ ያለው ብሎን ዘንጉን ወደ ታች ይገፋል። ኃይሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚጎዳ ነገር የለም። የባትሪ ጫፍ ለመንቀል የሚያገለግለው ትንሹ ፑለር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብሎኑን ጠበቅ አድርጉና ቆዩ፣ እንደገና ትንሽ ጠበቅ አድርጉ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ክንዱ ለቀቀ ማለት ነው።

መዶሻም ያው ነው። ከላይ የሚያርፈው ምት በዘንጉ በኩል አልፎ ከሥር ሞተሩን ከክንዶቹ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎችና ቡሾቻቸውን (የሚዞሩባቸውን ቀለበቶች) ይጎዳል። አትምቱት።

«ሁሉም ክንድ ዳዶ አለው»

የለውም። አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ላይ ክንዱን የሚይዘው ሥሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የስፕሪንግ መቆለፊያ ነው። ክዳን ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ዳዶም ካላያችሁ፣ ከክንዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የምትነሳ ምላስ ወይም የምትንሸራተት ቁራጭ ብረት ታገኛላችሁ። እሷን ለቀቅ ስታደርጉ ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። ይህን ሳያዩ መጎተት መቆለፊያውን ይሰብራል፤ ለአሮጌ መኪና ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ክንዱን አንስቶ መተው ምንም አይደል»

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ክንዱን አንስቼ፣ ጎማውን አውጥቼ ዞር ስል ነፋስ መለሰው። ጎማ የሌለው የብረት ጫፍ መስታወቱን መታው። ትንሽ ነጥብ ነበረች። በማግስቱ ስንጥቁ ተዘርግቶ ከጠርዙ ደርሷል።

ክንዱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምሩ ወፍራም ፎጣ አጥፋችሁ መስታወቱ ላይ አንጥፉ። ክንዶቹ ተነስተው ሳሉም ኮፈኑን አትክፈቱ፤ የብዙ መኪና ኮፈን ሲከፈት ከተነሳ ክንድ ጋር ይጋጭና ቀለሙ ይላጣል።

«የትም ይቁም፣ ስገጥመው አስተካክለዋለሁ»

እዚህ ጋ ቆም ብለን እንየው፤ ከተገጠመ በኋላ ለሚመጣው ችግር ሁሉ ዋናው ምንጭ ይህ ነውና።

የኤሌክትሪክ ዋይፐር ሞተር ማረፊያውን ያውቃል። ማብሪያውን ስታጠፉት እዚያው አይቆምም። ሞተሩ ውስጥ ያለ መገናኛ ክንዶቹ ታች እስኪደርሱ ድረስ ኤሌክትሪክ መስጠቱን ይቀጥላል፣ ሲደርሱ ይቆርጣል። የመኪናውን ቁልፍ መሃል ላይ ካጠፋችሁ ግን ኤሌክትሪኩ ከነጭራሹ ይቋረጣል። ሞተሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ሞተሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ክንዱን ታች፣ «ልክ በሚመስለው» ቦታ ገጠማችሁ እንበል። ስታበሩት ሞተሩ የራሱን ዑደት ይከተላል። ክንዱ መስታወቱን አልፎ ኮፈኑን ይመታል፤ ወይም ከጎን ያለውን ምሰሶ ይገጫል፤ ወይም ሁለቱ ክንዶች እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ።

ስለዚህ ከመንቀል በፊት መስታወቱን አርጥቡ፣ ዋይፐሩን አብሩት፣ ከዚያ በራሱ ማብሪያ አጥፉትና ወርዶ እስኪያርፍ ጠብቁ። ቀጥሎ የወረቀት ፕላስተር ወስዳችሁ ጎማው ካረፈበት መስመር ጋር እኩል አድርጋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉ። በሁለቱም በኩል። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉ የሚጠፋውና የሚወጣው። ጣቶቻችሁ እዚያ ሳሉ አንድ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር አትፈልጉም።

ሥራው የሞተሩን ሶኬት መንቀልን ወይም ሞተሩን መቀየርን የሚጨምር ከሆነ፣ ክንዶቹን ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩን ባዶውን አንድ ጊዜ አስነሱትና አጥፉት። ማረፊያውን ራሱ ይፈልጋል። ክንዱ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርስ መሳትም ቀላል ነገር አይደለም። ለምሳሌ ዘንጉ ዙሪያውን 60 ጥርስ ቢኖሩት፣ አንድ ጥርስ ማለት 6 ዲግሪ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የጎማው ጫፍ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፕላስተሯ ዋጋ የምታወጣው እዚህ ጋ ነው።

«በእጅ ገፋ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል»

አይቻልም። ሞተሩ ውስጥ ያለው ማርሽ በብሎን መልክ የተሠራ ነው። እሱ ክንዱን ያዞራል እንጂ ክንዱ እሱን አያዞረውም። በእጅ ስትገፉት የሚሸነፈው የክንዱ ጥርስ ወይም ከሥር ያለው መገጣጠሚያ ነው። ቦታው ከተሳሳተ ክንዱን ነቅሎ እንደገና መግጠም ነው።

«ሁለቱም ክንዶች አንድ ናቸው»

አንዳንድ መኪና ላይ ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ ላይ ግን ርዝመታቸው ወይም ጉብጠታቸው ይለያል። ሲወጡ በፕላስተር «ቀኝ» እና «ግራ» ብላችሁ ጻፉባቸው።

«በደንብ ከጠበቀ መቼም አይላላም»

ክንድ ሲላላ የሁሉም ሰው መልስ ዳዶውን ማጥበቅ ነው። እንደገና ይላላል፣ እንደገና ይጠብቃል። ችግሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከዳዶው ሥር ነው። የዘንጉ ጥርስ ጠንካራ ነው፣ የክንዱ ለስላሳ ነው። ክንዱ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ የሱ ጥርስ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብታጠብቁት የሚነክሰው ነገር የለም። ከልክ በላይ ማጥበቅ ደግሞ የክንዱን ሥር ይሰነጥቀዋል ወይም የዘንጉን የብሎን ጥርስ ይበላዋል።

ከመግጠም በፊት የዘንጉን ጥርሶች በሽቦ ብሩሽ ጥሩ አድርጋችሁ አጽዱ። በጥርሶቹ መሃል ከአሮጌው ክንድ የቀረ ነጭ ቅርፊት ካለ አዲሱ ክንድ ወርዶ አይቀመጥም። የክንዱንም ቀዳዳ እዩ። አዲስ ክንድ ገዝታችሁ ቀዳዳው ለስላሳ ከሆነ አትደንግጡ፤ አንዳንዶቹ ሲጠብቁ የዘንጉ ጥርስ ራሱ እንዲቀርጻቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አሮጌ ክንድ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ ግን አልቋል፣ መቀየር አለበት።

ግሪስ ልቀባው የሚልም አለ፤ ሲነቀል እንዳይቸግር ብሎ። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ክንዱን የሚይዘው መነካከሱና ሰበቃው ስለሆነ ሾጣጣው ንጹሕና ደረቅ ቢሆን ይሻላል። ለማጥበቂያው ልክ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ለሆነ ዘንግ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ ጠንከር ማለት በቂ ነው። በረጅም ቁልፍ መንጠልጠል አያስፈልግም።

«ዋይፐሩ አልንቀሳቀስ ካለ ሞተሩ ሞቷል»

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት። ዋይፐሩ ሲበራ የሞተር ድምፅ ከተሰማ ሞተሩ አለ። ክዳኑን አንስታችሁ ዘንጉን እዩ። ዘንጉ እየዞረ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ዳዶው ላልቷል ወይም የክንዱ ጥርስ ተበልቷል። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉም ካልዞረ፣ ከሥር ያሉት ማያያዣ ዘንጎች ተላቀዋል። ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ነው ወደ ፊውዝና ወደ ሞተሩ የሚኬደው።

«መስታወቱ ላይ የሚዘለው ጎማው ስላረጀ ነው»

አዲስ ጎማ ገጥማችሁም ከዘለለ ክንዱን ተጠራጠሩ። ዋይፐሩ መሃል ላይ ሲሆን ጎማው መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ክንዱ ተጠማዞ ከሆነ ጎማው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሲሄድ ያብሳል፣ ሲመለስ ይንቀጠቀጣል። ይህ ጥምዘዛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ ባልነው ፍንቀላ ወይም ከመኪና እጥበት ነው።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ በዝገት ፈቺው ዘይት የተነካውን መስታወት በሳሙና እጠቡ፤ ዘይቱ በጎማው ከተሰራጨ በዝናብ ላይ እይታን ይጋርዳል። መስታወቱ እርጥብ እንደሆነ መጀመሪያ በቀስታው፣ ቀጥሎ በፈጣኑ ሞክሩ። በፈጣኑ ክንዱ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሚሄድ በቀስታው የማይታይ ግጭት እዚያ ይታያል። ዳር እስከ ዳር ምንም ካልነካ፣ ካጠፋችሁትም በኋላ ፕላስተሩ ላይ ካረፈ፣ ልክ ነው።

ክዳኑን ግን ወዲያው አትክደኑ። ዋይፐሩ አንድ ሁለት ጊዜ ዝናብ ላይ ከሠራ በኋላ ክንዱ ሾጣጣው ላይ ትንሽ ወረድ ይላል። ዳዶውን አንዴ ነካ አድርጋችሁ እዩት፣ ከላላ አጥብቁት፣ ከዚያ ክደኑት።