ከፎርፌ እስከ ማቋረጥ፦ ድሬዳዋ

በድሬዳዋም እንደ ሌላው ከተማ ክፍል ጥሎ መጥፋት «መፎረፍ» ይባላል። አንድ ቀን ከሆነ ልጅነት ነው። ስም ጠሪው መምህር «ቀሪ» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ግን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ልጁ ቀስ በቀስ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል። አብዛኛው ማቋረጥ እንዲህ ነው፤ ማንም «አቋረጥኩ» ብሎ አይሰናበትም።

ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲገባ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ የወረደ ልጅ ዕቃ ተሸክሞ፣ ፌስታል ሸጦ እስከ ምሳ የኪስ ገንዘብ ያገኛል። ያንን የቀመሰ ልጅ በዚያ ሙቀት ሒሳብ ቁጭ ብሎ ተማር ቢባል፣ አቦ፣ ከባድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የእናቱን ጉልት የሚጠብቀውን ግን ማን ቀጠረው ይባላል?

የገጠር ቀበሌዎች ነገር ሌላ ነው። ትምህርት መስከረም ይከፈታል፤ ማሽላው ደግሞ የሚያሽተው በዚያው ሰሞን ነው። ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ስለዚህ ተመዝግቦ አዝመራው እስኪገባ የማይመጣ አለ። ሴቶቹን ውኃ መቅዳት ያስቀራቸዋል። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስም ሽንት ቤት ውስጥ ውኃም ከሌለ፣ በየወሩ ጥቂት ቀን መቅረት ነው።

መፍትሔ ተብለው የሚሠራባቸው ብዙ ናቸው። የተማሪዎች ምገባ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የሴቶች ክበብ፣ ወላጅ መምህር ኅብረት አለ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ማስተማሩም ትንሹን ልጅ ይይዘዋል።

የማይገባኝ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚባለው ነገር ነው። የቀረ ልጅ ቀረህ ተብሎ ከበር ይመለሳል። አባት ለሥራ ጅቡቲ ነው፣ እናት ገበያ ናት። ማንን ይዞ ይምጣ? በዚያው ይቀራል። የሰፈሩን ልጅ ልኮ «ምን ሆኖ ነው?» ማስባል ይሻላል። «አጎቱ ሱቅ ነው ያለው» የሚል መልስ በማግስቱ ይመጣል።

ልጁ ሲመለስም ያመለጠውን ቴስት የሚያካክስለት መምህር ያስፈልገዋል። ውጤቱ ላይ ዜሮ ተደርድሮ ከጠበቀው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ቀፊራ ነው።