ፍሬኖሎጂ ምንድን ነው? ጭንቅላት ዳስሶ ጠባይ የማንበብ ትምህርት በብሪታንያዋ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን

ፍሬኖሎጂ የሰው ጠባይና ችሎታ ከራስ ቅሉ ጉብታና ስርጉድ ሊነበብ ይችላል የሚል ትምህርት ነው። መሥራቹ ቪየና ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል (1758–1828፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነው። ትምህርቱ በሦስት አሳቦች ላይ ይቆማል። አንጎል የአእምሮ መኖሪያ ነው፤ አንጎል ውስጥ ለየራሱ ጠባይ የተመደቡ ክፍሎች አሉ፣ ጋል 27 ቆጥሯል፤ ክፍሉ በተለቀ ቁጥር ያ ጠባይ ይበረታል፣ አጥንቱም የአንጎሉን ቅርጽ ይዞ ያድጋል። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛውም ከፊል እውነት አለው። ሦስተኛው ሐሰት ነው፤ የጭንቅላት አንባቢው ሥራ ግን በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

ጋል ክፍሎቹን ያገኘው መጀመሪያ ሰው አይቶ፣ ቀጥሎ ጉብታ ፈልጎ ነው። ትምህርት ቤት ሳለ በቃል ማጥናት የሚቀናቸው ልጆች ዓይናቸው ወጣ ያለ መስሎ ስለታየው የቋንቋን ክፍል ከዓይን ጀርባ አስቀመጠው። ወደ 300 የሚጠጉ የራስ ቅሎችና ከመቶ በላይ የጀሶ ቅርጾች ቢሰበስብም፣ የሰበሰበው በአብዛኛው ጠባዩ አስቀድሞ የሚታወቀውን፣ ወንጀለኛውን፣ እብዱንና ሊቁን ነበር። የተሳሳተውን አሳብ የሚጥልበት ወንፊት አልነበረውም።

ወደ ብሪታንያ ያሻገረው ረዳቱ ዮሐን ሽፑርዝሃይም ነው። በ1815 በስኮትላንዷ ኤድንበራ ከተማ የሚታተም አንድ መጽሔት ትምህርቱን ሲያብጠለጥል፣ በዓመቱ እዚያው ከተማ ሄዶ ተቺው በተገኘበት አንጎል እየከፈተ አሳየ። የአከፋፈት ችሎታው የምር ነበር፤ ያ ችሎታ ስለ ጉብታዎቹ አንዳች ማረጋገጫ አለመሆኑን ብዙዎች አላስተዋሉም። ከተማረኩት አንዱ ጠበቃው ጆርጅ ኩም በ1820 የኤድንበራን የፍሬኖሎጂ ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ሆነ። በ1828 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ከ300,000 ቅጂ በላይ ተሸጧል። በ1846 የንግሥት ቪክቶሪያንና የልዑል አልበርትን ልጆች ጭንቅላት መርምሯል።

ምርመራው እንዲህ ነበር። አንባቢው አስቀድሞ የሰውነት ሁኔታን ከአራት ዓይነት በአንዱ ይመድባል። ከዚያ የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ አፉ በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት መለኪያ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ኋላ አጥንት ያለውን ርቀት ይይዛል። ቀጥሎ በመዳፉና በጣቶቹ ይዳስሳል። ፍቅረ ሥጋ ማጅራት ላይ፣ ልጅ ወዳድነት ከእሱ በላይ፣ አጥፊነት ከጆሮ በላይ፣ ርኅራኄ ፀጉር ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ፣ አክብሮት አናት ላይ፣ የቁጥር ችሎታ በዓይን ውጫዊ ጥግ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ የኩም ሚዛን እስከ 20 ይደርሳል፣ ከአሜሪካ መጥቶ በ1860ዎቹ ለንደን ቢሮ የከፈተው ሎሬንዞ ፋውለር ግን ከ1 እስከ 7 አድርጎታል። ዛሬ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው የምናየው ክፍሎቹ የተጻፉበት ነጭ የሸክላ ጭንቅላት የእሱን ስም የያዘ ነው።

ስሕተቱ ከአናቶሚው ይጀምራል። ከቅንድብ በላይ ባለው አጥንት ውስጥ አየር የሞላው ክፍተት (ሳይነስ) ስላለ፣ የውጭው ጉብታ ስለ አንጎሉ የሚናገረው የለም። ከጆሮ በላይ ያለውን ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻ ሸፍኖታል፤ «አጥፊነት» ብለው የዳሰሱት አንዳንዴ ብርቱ መንጋጋ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፒዬር ፍሉራንስ በ1820ዎቹ የእንስሳትን ትንሹን አንጎል (በማጅራት በኩል ያለውን) ሲያወጣ፣ ጋል እንዳለው ፍቅረ ሥጋ ሳይሆን የእንቅስቃሴ ቅንጅት ጠፋ።

ትምህርቱን ያቆየው ግን ማምለጫው ነው። ዊሊያም በርክ ከአጋሩ ጋር 16 ሰው ገድሎ በ1829 ኤድንበራ ሲሰቀል ጭንቅላቱ ተለካ። ቶማስ ስቶን የተባለ ተቺ ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ የአጥፊነት ክፍሉ የተለየ አለመሆኑን በዚያው ዓመት አሳተመ። መልስ አልጠፋም፤ አንዱ ክፍል ሌላውን ያመዝናል፣ ይገታል፣ ያነሣሣል ተባለ። ተከታዮቹ እንዳበዙት ከሠላሳ በላይ ክፍል ካለ፣ የማይገለጽ ሰው አይኖርም።

እንግዲህ ሊቃውንቱ በ1820ዎቹ እየሸሹት ሕዝቡ በ1830ዎቹና 40ዎቹ ለምን ጎረፈለት? በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት፣ ሌላው ሳይንስ ስለ ዓለም ሲነግር ይህኛው ስለ ደንበኛው ይነግረው ነበር፤ ነጥቡ የተሞላበትን ሠንጠረዥ ይዞ ቤቱ ይገባል። ላቲን ሳያውቁ፣ ላቦራቶሪ ሳይኖር የሚማሩት ትምህርት በመሆኑም ለእጅ ባለሙያዎች በተከፈቱ የትምህርት ማኅበራት ተስፋፋ። ደካማው ክፍል በልምምድ ይጎለብታል ማለቱ ደግሞ ራሱን ማሻሻል ለሚሻ ሠራተኛ ተስፋ ነበር። ይኸው ትምህርት ግን ሕዝቦችን በደረጃ ለመደልደልም አገልግሏል፤ የፊላደልፊያው ሳሙኤል ሞርተን በ1839 ስለ አሜሪካ ሕዝቦች የራስ ቅል ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኩም ጽሑፍ በአባሪነት ገብቷል።

በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የንግግር ችሎታ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር መያያዙን ሲያሳይ፣ ማስረጃው ከሞተ በሽተኛ አንጎል ላይ የታየ ጉዳት ነበር፤ ቦታውም ጋል ካለው የዓይን ጀርባ የተለየ ነው። የብሪታንያ የፍሬኖሎጂ ማኅበር ግን እስከ 1967 አልፈረሰም። በ2018 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ5,000 በላይ ሰዎችን የኤምአርአይ ምስል ተጠቅመው የጭንቅላትን ቅርጽ ከጠባይና ከችሎታ መለኪያዎች ጋር አስተያዩ፤ ፍሬኖሎጂን የሚደግፍ ዝምድና አላገኙም።